የበዓል ሰሞን በእኛ ቤት፣ ጎጃም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁኝ ጥያቄዎች

ነሐሴ ሲጋመስ ስልክ መደወል ይጀምራል። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት የአክስቴ ልጆች «ዘንድሮስ ለእንቁጣጣሽ ብንመጣ?» ይሉኛል፤ ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። ቢቸና አብረውኝ የሚማሩ የከተማ ልጆችም በየበዓሉ ማግስት ያንኑ ይጠይቁኛል። ስለዚህ መልሱን አንድ ጊዜ ቁጭ ብዬ ጻፍሁት።

እኔ 17 ዓመቴ ነው፤ 11ኛ ክፍል ነኝ። የተወለድሁባት ቀበሌ ከቢቸና የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ናት። አያታችንን «እምዬ» እንላታለን፣ እናታችንን «እማ»፣ አባታችንን «አባ»። ልጆቹ ስድስት ነን። ታላቅ ወንድማችን አዲስ አበባ ሥራ ላይ ነው፤ ታላቅ እህታችን ደብረ ወርቅ ተድራለች፤ ከእኔ በታች ሦስት አሉ። የምነግራችሁ በእኛ ቤትና በእኛ ደብር ያየሁትን ነው። ጎጃም ሰፊ ነው፤ ዳንግላ ወይም ቡሬ ያደገ ልጅ ሌላ ሊነግራችሁ ይችላል።

ዓመቱን ሙሉ በዓል ነው የምትውሉት?

አይደለም፤ ግን ከከተማ ለመጣ ሰው እንደዚያ ሊመስለው ይችላል። በየወሩ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔ ዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ አሉ። በእነዚህ ቀናት አባ በሬ አይጠምድም፣ እማም አትፈትልም። ከብት ግን ይጠበቃል፣ ውሃም ይቀዳል። የእምዬ ጽዋ ማኅበር የማርያም ስለሆነ ተራዋ ሲደርስ ቤታችን በነጭ ነጠላ ይሞላል፤ እኛ ልጆች ጠላ እየቀዳን ጸበል ጻዲቁን እናሳልፋለን።

ልጆች በጣታችን የምንቆጥራቸው ግን ስድስቱን ነው፦ ቡሄ፣ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ።

የእናንተ እንቁጣጣሽ ከአዲስ አበባው በምን ይለያል?

በእንግጫ! ከሁሉም ጥያቄ ይህን ስመልስ ነው ደስ የሚለኝ።

እንግጫ ከመስክ የሚነቀል ለስላሳ ሣር ነው። አይታጨድም፤ ከነሥሩ ይነቀላል። ጳጉሜን ልታልቅ ስትል የሰፈር ልጃገረዶች ተጠራርተን ወደ መስኩ እንወርዳለን። ክረምቱን ሙሉ ጭቃና ጉም ለያይቶን ስለሚከርም አንዳንዷን ጓደኛዬን ከሰኔ ወዲህ የማያት ያን ቀን ነው። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቻችን እንቀበላለን፤ እየዘፈንን እንነቅላለን። ዘፈኑ ውስጥ የሌለ ነገር የለም። ሙገሳ አለ፣ ፍቅር አለ፣ ለስስታም ጎረቤት የሚወረወር ነቆራም አለ። የጎጃም ሰው ቅኔ ስለሚወድ ቃሉን ሁለት ፊት እንዲኖረው አድርጋ የምታወጣ ልጅ ትከበራለች። እምዬ ራሷ በልጅነቷ አውጪ ነበረች። እስከ ዛሬ ምሽት ላይ እሳት ዳር ስንቀመጥ «እስቲ ዘንድሮ ምን አላችሁ?» ትለኛለች። እነግራታለሁ፤ ደካማውን ስንኝ ታስተካክልልኛለች።

የነቀልነውን እንግጫ ከአደይ አበባ ጋር እንጎነጉነዋለን። መስከረም 1 ማለዳ እያንዳንዷ ልጅ ጉንጉኗን ይዛ ወደ ቤቷ ትገባለች። እኔ መጀመሪያ የማስረው ምሰሶው ላይ ነው። ከዚያ በሩ ላይ፣ ከዚያ የእማ ሞሰብ ላይ። ለእምዬ ራሷ ላይ አስርላታለሁ፤ እሷም ሁለት እጇን ዘርግታ ትመርቀኛለች። የመጀመሪያው ምርቃት የእሷ ካልሆነ ዓመቱ የተጀመረ አይመስለኝም። አባ ደግሞ ጉንጉኑን ሲያይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የሚለው፦ «ይኸው፣ ክረምቱን ነቅላችሁ ጣላችሁት!»

አበባዮሽ እኛም እንላለን፤ ትንንሾቹ እህቶቼ በየደጁ እየዞሩ ዳቦም ገንዘብም ያገኛሉ። ወንዶቹ ልጆች የአበባና የመልአክ ሥዕል እየሣሉ ይሰጣሉ። ከዚያ በፊት ጳጉሜን 3 የቅዱስ ሩፋኤል ቀን አለ፤ ያን ቀን የሚጥለው ዝናብ እንደ ጸበል ስለሚቆጠር ልጆች ደጅ ወጥተው ይጠመቁበታል። አምና ታናሽ ወንድሜ ዝናቡን ከጠዋት ጀምሮ ደጅ ቆሞ ሲጠብቅ ውሎ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጣለለት። እልልታውን ከወዲያኛው ማዶ ድረስ ሰምተውታል።

ወንዶቹስ እንግጫ ሲነቀል ምን ያደርጋሉ?

የእነሱ ከሴ የሚባለው ተክል አጨዳ ነው፤ ማጭዳቸውን ይዘው ይወጣሉ። ደግሞም የእነሱ ትልቁ ጊዜ ቀደም ብሎ አልፏል፦ ነሐሴ 13፣ የደብረ ታቦር በዓል፣ ቡሄ። እረኞቹ ከሐምሌ ጀምሮ ጅራፍ ይገምዳሉ። በቡሄ ሰሞን ከየጋራው እየተጮኸ የሚመላለሰው ጅራፍ ጆሮ ይበጥሳል። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራችን ሲያስረዱን የጅራፉ ጩኸት በታቦር ተራራ የተሰማውን የአብን ድምፅ ያስታውሳል፣ ችቦው ደግሞ በዚያ ሌሊት የታየውን ብርሃን፤ ሙልሙሉ ዳቦ ወላጆች ተራራው ሥር ለቀሩት እረኞች ልጆቻቸው ይዘውት የሄዱት ስንቅ ነው። ታናሽ ወንድሜ ይህን ከሰማ ወዲህ ሙልሙሉን የሚበላው ከብቶቹ ዘንድ ሄዶ ነው። ለበሬዎቹም ይቆርስላቸዋል።

«ቡሄ ካለ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ይባላል። ዝናቡ ግን እኛ ዘንድ ከቡሄ በኋላም ይጥላል፤ የጮቄ ተራራ ቅርባችን ነው።

የበዓል ደስታው ምኑ ላይ ነው? ሥራው እኮ ብዙ ነው።

ብዙዎቹ ይህን የሚጠይቁኝ አዝነውልኝ ነው። መልሴ፦ ደስታው እሥራው ላይ ነው።

እኛ ቤት ድርሻ የሌለው ሰው የለም። ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀድማ እማ ጠላ ትጠነስሳለች። ጋኑን በግራዋ የሚያጥበው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ እጁ ቀጭን ስለሆነ ታች ድረስ ይገባለታል። በወይራ የማጥነው እኔ ነኝ። ጌሾና ብቅሉ ተጠንስሶ ይሰነብታል፤ ከዚያ ቂጣው ይጋገርና ይጨመራል፤ ከዚያ እንኩሮው ይነኮራል፤ ሲደፈደፍ ደግሞ ጎረቤት ትጠራለች፣ ምክንያቱም ድፍድፍ ብቻውን የሚነሣ አይደለም። በመጨረሻ ውሃው ተሞልቶ አፉ ይደፈናል። እኛ አገር ጠላው የዳጉሳም የገብስም ይሆናል፤ የዳጉሳው ጥቁረቱና ጣዕሙ ለብቻው ነው። እኔ ዐሥር ዓመት ሲሆነኝ እማ ለመጀመሪያ ጊዜ «ጋኑን አንቺ ክፈችው» አለችኝ። ጠረኑ ሲወጣ ፊቴን አየችና ሳልነግራት «ደርሷል» አለች። ያን ቀን ትልቅ ሰው ሆንሁ።

እምዬ በርበሬ ትለቅማለች፤ ዐይኗ ቢደክምም ጣቷ ያውቃል። በርበሬው ከቡሬ በኩል ሲመጣ ይመርጡታል፤ ቀለሙም ማቃጠሉም ጥሩ ነው። ትንሿ እህቴ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። አባ በግ መርጦ ያመጣል፤ ወይም ከጎረቤት ጋር ቅርጫ ይገባል። ቅርጫ ማለት በጋራ በሬ ተገዝቶ፣ ታርዶ፣ ሥጋው በየመደቡ ከተደለደለ በኋላ በዕጣ የሚከፋፈሉበት ነው። ጉበቱም ጨጓራውም ጎድኑም ለእያንዳንዱ መደብ እኩል ይደርሳል፤ አባ ሲደለድል ያየ ሰው ፍትሕ ምን እንደሆነ ይገባዋል። ዕጣ የሚያነሣው ሁልጊዜ ሕፃን ልጅ ነው።

ቤቱ ይለቀለቃል፣ መደቡ ይመረጋል። ዋዜማው ምሽት ድፎው ምድጃ ላይ ሆኖ ከላይም ከታችም እሳት ሲለኮስበት፣ ጠረኑ ደጅ ሲደርስ፣ ከብቱ በረት ገብቶ፣ ሁላችንም አንድ እሳት ዙሪያ ስንሆን፤ በዓሉ ለእኔ ያን ጊዜ ነው የሚገባው።

ቢቸና እየተማርሽ ለበዓል እንዴት ትገቢያለሽ?

በእግሬ። እንደ ብዙው የገጠር ልጅ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ከተማ ቤት ተከራይቼ ነው የምማረው፤ ከአጎቴ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ይዘናል። በየሳምንቱ ቅዳሜ ገበያ የሚወጣ ሰው ስንቅ ያመጣልናል፦ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ቆሎ፣ አንዳንዴም እማ በኩባያ አሽጋ የምትልከው ስልጆ። በበዓል ዋዜማ ግን ስንቅ አይመጣም፣ ስንቁ ዘንድ እኛ እንሄዳለን። ከየሰፈሩ የተከራየን ተማሪዎች መናኸሪያው አጠገብ ተሰብስበን አብረን እንወጣለን፤ መንገዱ ሲለያይ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ተባብለን እንለያያለን። የመጨረሻዋን ዳገት ስወጣ ውሻችን ቀድሞ ያገኘኛል፤ ከእሱ ቀጥሎ ትንሿ እህቴ ናት። በወንፊት ዱቄት ስትነፋ የነበረች እንደሆነ ፊቷ ነጭ እንደሆነ ነው የምትስመኝ።

መስቀልስ?

ደመራው አንዳንድ ቦታ መስከረም 16 ማታ፣ ሌላው ቦታ 17 ንጋት ላይ ይለኮሳል። መሐሉ ላይ የቆመው እንጨት ወዴት እንደሚወድቅ ሽማግሌዎች አተኩረው ያያሉ። እኛ ከደመራው ዐመድ ግንባራችን ላይ ምልክት እናደርጋለን። መስቀል በ2006፣ ጥምቀት ደግሞ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት መመዝገባቸውን ትምህርት ቤት ነው የተማርሁት። ለአባ ስነግረው ብዙ ካሰበ በኋላ «እኛማ ከድሮም መዝግበነው ነበር» አለኝ።

ገና አንዳንድ ዓመት ታኅሣሥ 28 የሚውለው ለምንድን ነው?

ጳጉሜን 6 የሆነችበትን ዓመት ተከትሎ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይሳባል፤ መጋቢት 29 ከተጸነሰበት ቀን ተነሥቶ የሚቆጠረው 9 ወር ከ5 ቀን እንዳይዛነፍ ነው። በ2016 እንደዚያ ሆኖ ነበር፤ ቀጣዩ 2020 ነው። በቀሩት ዘመናት 29 ነው።

ስለ ገና ጨዋታ ግን ልንገራችሁ። ከታጨደው የጤፍ ማሳ ላይ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ይሰለፋል፤ ጫፉ የቆለመመ ዱላና ሩር ብቻ ነው። ታላቅ ወንድሜ የላይ ሰፈር ዋና ተጫዋች ነበር። አባ ደግሞ ያደገው ታች ሰፈር ነው፤ ልጁ ሲያገባበት በአንድ ዐይኑ እየተናደደ በሌላው ደስ ሲለው አያለሁ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፤ በዚያች ቀን ባለ ሀብቱም፣ ቄሱም፣ እረኛውም እኩል ይገፋል፣ እኩል ይወድቃል። ሴቶቹ ዳር ሆነን እናጨበጭባለን። ባለፈው ዓመት ግን ጨዋታው ካለቀ በኋላ እኛም ዱላ ተቀብለን ተጫወትን፤ ማንም «ተዉ» አላለንም፤ እንዲያውም ሽማግሌዎቹ ቁጭ ብለው አዩን።

ለጥምቀት ምን ይለበሳል?

ያለው ሁሉ! «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለው ለዚህ ነው። እምዬ ክረምትና በጋ የፈተለችው ጥጥ ለሸማኔ ተሰጥቶ የሚደርሰው ለጥር ነው። ባለፈው ዓመት የእኔ ቀሚስ ጥለቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከእሷ ጣት የወጣ ክር እንደሆነ እያወቁ መልበስ ከገበያ ከተገዛ ጋር አይተካከልም። ጎረምሶቹ ቁምጣቸውን ለብሰው፣ ኩታ ጥለው፣ ሽመል ትከሻቸው ላይ አጋድመው ይወርዳሉ።

ጥር 10 ከተራ ታቦታቱ ከየደብሩ ወጥተው ወንዝ ዳር ያድራሉ፤ 11 ጥምቀት፣ 12 ሚካኤል። በየደብሩ ታቦት ፊት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች እየዘመርን እንሄዳለን፤ እኔ ከበሮ እመታለሁ። በዚያው ወር ጥር 23 ደግሞ ወደ አዊ፣ እንጅባራ፣ የአገው ፈረሰኞች በዓል አለ። አንድ ጊዜ አባ ወስዶኝ አይቻለሁ። ፈረሶቹ ያጌጡበት ልብስ፣ መሬቱ ሲርገበገብ፣ የአድዋን ዘመቻ የሚያስታውሰው ሽለላ፤ ከዚያ ወዲህ ፈረስ በሣልሁ ቁጥር የዚያን ቀኑን ነው የምሥለው።

55 ቀን መጾም ለልጅ አይከብድም?

ይከብዳል። በተለይ ከትምህርት ቤት በእግር ሲመለሱ። ግን ብቻዬን ብሆን ነበር የሚከብደኝ፤ ቤቱ በሙሉ ሲጾም ጾሙ ራሱ አንድ ዓይነት ወዳጅነት ይሆናል። ሕፃናት ከሰባት ዓመት ጀምሮ ነው የሚለማመዱት። ትንሿ እህቴ ዘንድሮ ጀመረች፤ እስከ ስድስት ሰዓት ቆይታ ስትበላ አባ «ጾመኛዋ፣ እግዜር ይቀበልሽ» ይላታል፤ እሷም ቁጭ ብላ እጇን ታጥባ በክብር ትጎርሳለች።

የሚያምረው ግን የመጨረሻው ሳምንት ነው። ሆሳዕና ዘንባባውን ጣታችን ላይ ቀለበት አድርገን እናስረዋለን። በሰሞነ ሕማማት መሳሳም የለም፤ ሰው ሲገናኝ ከሩቅ ነው እጅ የሚነሣው። ጸሎተ ሐሙስ ባቄላና ስንዴው ተቀቅሎ ጉልባን ይሆናል። ዓርብ ስቅለት ቀኑን ሙሉ ስንሰግድ እንውላለን፤ ማታ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባችንን ጠብጠብ እያደረጉ ቀኖና ይሰጡናል። እምዬ ከዚያ ሰዓት ጀምራ እስከ ትንሣኤ ሌሊት ታከፍላለች፤ እህልም ውሃም የለም። በዚህ ዕድሜዋ ይህን ስታደርግ እፈራላታለሁ፤ እሷ ግን «ልጄ፣ ይህ የእኔ ደስታ ነው፤ አትቀሚኝ» ትለኛለች።

ቅዳሜ ጠዋት ካህናቱ ለምለም ቄጠማ ያድላሉ፤ ራሳችን ላይ እናስረዋለን። ከዚያ ማጀት እንገባለን። ዶሮ ወጥ በጾም ቀን የሚሠራ የፍስክ ምግብ ነው፤ ስለዚህ እማ ሳትቀምስ ነው የምትሠራው። ዶሮው 12 ብልት ይወጣለታል፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ይታጠባል፤ ሽንኩርቱ ከጠዋት ጀምሮ በቀስታ ይቁላላል። ጨውን በአፏ ሳይሆን በጠረኑ ነው የምታውቀው፤ ክዳኑን ከፈት አድርጋ እንፋሎቱን ታሸትና «ትንሽ ይቀረዋል» ትላለች። 15 ዓመት ሲሆነኝ «ዘንድሮ ጨውን አንቺ ለኪው» አለችኝ። አሸተትሁ፤ የበቃ መሰለኝ። ሌሊት ሲቀርብ ግን አንሶ ተገኘ። ማንም ምንም አላለም። እምዬ ሁለት ቀን ያልቀመሰ አፏ ላይ የመጀመሪያውን ጉርሻ ካደረገች በኋላ ጨው በጣቷ አንሥታ ከፊቴ ያለው ወጥ ላይ ነሰነሰችና «ያነሰ ይጨመራል፤ የበዛ ቢሆን ነበር መከራው። እጅሽ ልክ ነው» አለችኝ። በዓመቱ ልክ ሆነ።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን። ሜዳው ላይ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል፤ ትንንሾቹ እናታቸው ጭን ላይ ተኝተዋል። ጧፉ ከአንዱ ወደ አንዱ ይለኮሳል፤ ጨለማው ላይ ብርሃኑ ሲሰፋ ይታያል። ካህኑ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲሉ ሕዝቡ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብሎ ሲመልስ እንቅልፍ የያዘው ሁሉ ይነቃል። ቅዳሴው ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ያበቃል። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱ በሙሉ ሳቅ ነው፤ ሳምንቱን ሳይሳሳሙ የሰነበቱ ሰዎች ጨለማ ውስጥ እየተሳሳሙ።

ቤት ስንደርስ በመጀመሪያ ተልባ እንጠጣለን፤ ባዶ የሰነበተ ሆድ በቅባት እንዳይታመም። አባ ድፎውን ባርኮ ይቆርሳል። ጉርሻው ከእምዬ ይጀምርና እስከ ትንሿ እህቴ ይወርዳል፤ ከዚያ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ልጆች ለትልልቆቹ እናጎርሳለን። ውጭ ገና ጨለማ ነው።

ስጦታ ትሰጣጣላችሁ?

በወረቀት የተጠቀለለ ስጦታ እኛ ዘንድ አልተለመደም። ግን ከእናቴ እጅ ሳይወጣ የሚቀር ሰሃን የለም። ለክርስትና እናቴ ድፎ ይዤ እሄዳለሁ፤ እሷ ደግሞ ባዶ አትመልሰኝም። ታላቅ እህቴ ከባሏ ጋር ከደብረ ወርቅ ስትመጣ ዳቦውንና ጠላውን አሸክማ ነው። ለንስሐ አባታችን ይላካል። የአብነት ተማሪዎችም «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ይመጣሉ፤ የዲማ ጊዮርጊስ ገዳም ሩቅ አይደለም፣ ጎጃምም የቅኔ አገር ስለሆነ ተማሪው ብዙ ነው። እማ ለእነሱ የሚሆነውን ዳቦ ለብቻው ታስቀምጣለች፤ ከእኛ ድርሻ አይደለም የሚቆረሰው፣ ከመጀመሪያው ተቆጥሮላቸዋል።

አንድ ሰው ሲጎድልስ?

አያታችን፣ የእምዬ ባለቤት፣ ያረፉት በኅዳር ነበር። ያን ዓመት ገና ላይ ቤታችን ጠላ አልተጠመቀም፣ ዳቦም አልተጋገረም። በበዓሉ ጠዋት ግን ጎረቤቶች አንድ በአንድ ገቡ፤ አንዷ ዳቦ፣ አንዷ ወጥ፣ ሌላዋ ቡና ከነጀበናው ይዛ። ማንም «እንኳን አደረሳችሁ» አላለም፤ «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው አብረውን ተቀመጡ። የአያቴ ቦታ መደቡ ላይ ባዶ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ከቦታው አጠገብ ተቀመጡ እንጂ እላዩ አልተቀመጡም። እስከ ምሽት እየተቀያየሩ አልተለዩንም።

አንድ ፋሲካ ደግሞ መንገዱ ስላልተመቸ ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ መምጣት አልቻለም። እማ የእሱን እንቁላልና ብልት በሰሃን ከድና አስቀመጠችለት። ስልክ ሲደውል ድምፁን ከፍ አድርገን ለሁላችንም አሰማነው፤ ትንሿ እህቴ ጉርሻዋን ወደ ስልኩ አስጠግታ «አፍህን ክፈት» አለችው። እሱም ወዲያ ማዶ ሆኖ «አም!» ሲል ሰማነው። እማ ወደ ማጀት ገባች፤ ትንሽ ቆይታ ዐይኗን ጠርጋ ወጣች።

ሙስሊም ጓደኛ ካለሽ በበዓል ምን ታደርጋላችሁ?

ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ሙስሊም ናት። የእኛን ሥጋ እሷ አትበላም፣ የእነሱን እኔ አልበላም፤ ይህን ሁለታችንም ስለምናውቅ ማንም አይቀየምም። ለእንቁጣጣሽ እንግጫ ጎንጉኜ ወስጄላታለሁ፣ ከድፎውም ቆርሼ። በኢድ ደግሞ እናቷ ብስኩትና ሻይ አዘጋጅተው ጠሩኝ።

ልንመጣ ቆርጠናል፤ ምን እንያዝ?

ለእምዬ ቡና፤ ሌላ ነገር ቢመጣም ቡና ካልኖረ እንግዳ መጣ አትልም። ለልጆቹ ደብተርና እስክሪብቶ፣ ትምህርት ሊከፈት ስለሆነ። ሴቶቹ ነጠላ አትርሱ፤ ቤተ ክርስቲያን ያለ ነጠላ አይገባም። ቦቲ ጫማ የግድ ነው፣ ጭቃው ገና አይደርቅም። የሚሞቅ ልብስም ያዙ፤ ሌሊቱ ይበርዳል።

ለእንግጫው እንድትደርሱ ጳጉሜን 2 ቢቸና ግቡ። መናኸሪያው ላይ እጠብቃችኋለሁ። ከስምንት ሰዓት በፊት ከደረሳችሁ በዚያው ቀን እንወጣለን። ከዘገያችሁ ወይም ወንዙ ሞልቶ ከሆነ እኔ ኪራይ ቤት እናድራለን፤ የአጎቴ ልጅ ቀድማ ስለምትገባ ፍራሹ ለአራት ይበቃል።